አንድ ሰው ለሳሪስ

መሃል ከተማ፣ ታክሲ መያዣው ላይ፣ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ድግስ ተደግሷል። አንዲት ሴትዮ ዘንቢሏን ይዛ በካፊያው ታክሲ ስትጠብቅ አንድ ሰዓት አልፏታል። ድንገት "ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ አንድ ሰው!" የሚል የወያላ ድምፅ ሰማች። ጨፋሪውን በክርኗ እየገፋች ወደ ድምፁ ሮጠች፤ ደረጃውንም ወጣች።

ታክሲ የለም። መድረክ ነው፤ አንድ ጎረምሳ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ደፍቶ ቁልፍ ይነካካል።

"መኪናው የታለ?"

"እናቴ፣ የወያላውን ድምፅ ከሙዚቃው ጋር ያቀላቀልኩት እኔ ነኝ።"

"የእጅህን ይስጥህ" አለችው።

ልውረድ ብትል መድረኩ ሥር ሕዝቡ እንደ ጉድ ይዘላል፤ መውጫ የለም። ማይኩን ከጎረምሳው ቀማችው።

"ወራጅ አለ።"

ሙዚቃው ቀጥ አለ። ያ ሁሉ ጨፋሪ ጉልበቱን ሰብስቦ አሳለፋት።