ዘጠኝ ጠጠር

«ተጫወቺ እንጂ፣ የዱሪ እናት!» ይለኛል አባባ ታክ።

ተጫውቻለሁ። ጥቁሯን ጠጠሬን በእሱ ግራ በኩል፣ ከሰሌዳው ጠርዝ አጠገብ ካስቀመጥኳት ቆይቻለሁ።

«ተጫወትኩ እኮ!»

«እሺ፣ እሺ» ብሎ ያጉረመርምና ነጩን ጠጠሩን ሌላ ቦታ ጣል ያደርጋል። ሽማግሌው እያሾፈብኝ ነው። እርግጠኛ ነኝ።

ባዱክ፣ ይኼ የኛ የኮሪያ የጠጠር ጨዋታ፣ ሲያወሩት ቀላል ነገር ነው፤ የሰውን ጠጠር ዙሪያውን ከበው ትንፋሽ፣ ማለትም አጠገቡ ክፍት ቦታ፣ ካሳጡት ይወስዱታል። ዛሬ ሆን ብዬ አምስት ጠጠሮቼን እዚያው ጠርዝ ላይ አንዲት ትንፋሽ ብቻ አስቀርቼ ትቼለታለሁ። የመዋዕለ ሕፃናት ልጅ እንኳን አፈፍ ያደርጋቸው ነበር። ስልሳ ዓመት የተጫወተ ሰው ዘሎ ያልፋቸዋል? ሊሸነፍልኝ ፈልጎ ነው እንጂ።

ደግሞስ ለምን በነጻ ያስተምረኛል? ከመንገዱ ማዶ ፎቅ ላይ ያለው የባዱክ ማስተማሪያ ቤት ዋጋ ደረጃ በማጠብ ከማገኘው ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ቤቴ በፖም ካርቶን ክዳን ላይ መስመር አስምሬ በጥቁርና በነጭ ቦሎቄ እለማመዳለሁ፤ ከሰዓት ደግሞ እዚህ መናፈሻ መጥቼ ከእሱ ጋር ሣጥን ከብበን እንቀመጣለን። ከእኔ የሚቀበለው ከማሽኑ የሚቀዳ አንድ ኩባያ ቡና ብቻ ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። የመናፈሻው አበባ ሲፈነዳ ስንጀምር ገና ሳንጫወት ሰሌዳው ላይ የምደረድረው ዘጠኝ ጠጠር ቅድሚያ ይሰጠኝ ነበር፤ ለደካማ የሚሰጠው ትልቁ ቅድሚያ ይኸው ነው። ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አራት፣ አሁን ሁለት። እኔ ሞኟ ጎበዝኩ ብዬ በደስታ ሰከርኩ።

እንደሰከርኩም ለባሌ ወንድም ለማንሶክ ስልክ መታሁለት። አምና በቹሶክ፣ ቤተ ዘመድ በሚሰበሰብበት የመኸር በዓል፣ ወንዶቹ ባዱክ ሲጫወቱ ቆሜ ሳይ፣ «እትዬ፣ ለዚህ ጭንቅላት ያስፈልጋል፤ እርስዎ የሩዝ ቂጣውን ይጠፍጥፉ» ብሎ ቤተ ዘመዱን አስቆብኛል። «ዘንድሮ ያለ ምንም ቅድሚያ እገጥምሃለሁ» አልኩት። በዓሉ ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ጉብዝናዬ የሽማግሌ ምጽዋት ከሆነ አለቀልኝ።

ጨዋታው ያልቃል። በአሥራ አንድ ነጥብ አሸንፌያለሁ።

«ታክ፣ ዛሬም ሴትዮዋ ሙልጭ አደረገችህ!» ይላል ከጎናችን የሚጫወተው ባለ ቆብ ሽማግሌ።

አባባ ታክ እንደ ልማዱ ጠጠሩን ወደ ሳህኑ ሊጠርግ እጁን ይሰድዳል። ይኼም ሌላው የሚያስጠረጥረኝ ነገር ነው። በዚህ መናፈሻ ጨዋታ ሲያልቅ ሁሉም ከመጀመሪያው ጠጠር ጀምሮ ይደግመዋል፤ ሰው የሚማረው ያኔ ነው። እሱ ግን ከእኔ ጋር አንድ ቀን እንኳን ደግሞ አያውቅም።

እጁን ቀብ አደርገዋለሁ። «ዛሬ እንደግመዋለን።»

«ተይው።»

«ለምን?»

«ተይው ስልሽ ተይው። የሚያሳፍር ነገር ይወጣል።»

«ይውጣ! ሆን ብለው እየተሸነፉልኝ መሆኑ ይውጣ!»

«እኔ?» ፊቱ ቀላ። «እኔ ለገዛ አባቴ እንኳን ሆን ብዬ ተሸንፌ አላውቅም! ጠጠር የምትሰርቂው አንቺ! ቡናዬን ሳነሳ፣ ሳስል፣ ሳዛጋ፣ በግራዬ በኩል ያልነበረ ጠጠር ይበቅላል። ዝም ያልኩት ካንቺ በቀር አብሮኝ የሚቀመጥ ስለሌለ ነው። ሌባን ታዲያ በምን ይቀጧታል? ቅድሚያዋን በመቀነስ ነዋ!»

ለካ ዘጠኙን ወደ ሁለት ያወረደው ጉብዝናዬ አይደለም፤ ሌብነቴ ነው። ያውም ያልሰረቅኩት።

ልጮህበት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። «በግራዬ በኩል» ብሏል። አንድ ጥቁር ጠጠር አንስቼ ፊት ለፊቱ እይዛለሁ።

«አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጠጠሯ ትታያለች?»

«ታዲያስ!»

ቀስ እያልኩ ወደ ግራው እወስዳታለሁ። «አሁንስ?»

«አዎ።»

ትንሽ ጨመር አደርጋለሁ። «አሁንስ?»

«አሁን የት ደበቅሻት?»

አልደበቅኳትም። በሁለት ጣቶቼ መሃል፣ ፀሐይ ላይ ናት።

ጥሬ እንዳየች ዶሮ አንገቱን ወደ ጎን ያዞራል፤ ያገኛታል። ከዚያ ዓይኑ ወደ ሰሌዳው ይወርድና ጠርዝ ላይ የተውኳቸውን አምስቱን ጠጠሮች አንድ በአንድ በጣቱ ይነካቸዋል።

«በእጄ ነበሩ እኮ» ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አንጀቴን በላኝ። ለራሴም አዘንኩ፤ የማንሶክ ሁለቱም ዓይኖች ደህና ናቸው።

«ነገ ጠዋት ዓይን ሐኪም ጋ ይዤዎት እሄዳለሁ።»

«ነገ» ይላል። «ዛሬ ግን አንድ ጨዋታ።»

ሰሌዳውን ወደ ቀኙ እጎትትለታለሁ፤ ግማሹ ከሣጥኑ ወጥቶ ሲንጠለጠል በጉልበቴ እደግፈዋለሁ። ከዚያ የቅድሚያ ጠጠሮቼን እደረድራለሁ፤ ዘጠኙንም፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

አባባ ታክ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር ይቃኛል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ በዚህ በጋ በቀኙ በኩል፣ በሚያይበት በኩል የተጫወትኩትን እየደገመ መሆኑ ይገባኛል። እጁን ይዘረጋና አንዷን ጠጠሬን ያነሳል። ቆም ይላል። ሁለተኛዋንም ያነሳል፤ ሰባት ይቀሩኛል።

ሁለቱን መዳፌ ውስጥ ያስቀምጥና የመጀመሪያዋን ነጭ ጠጠር ይጥላል፤ በግራው ጠርዝ ላይ።