ከጳጳሱ ሥር የነበረው ጽሕፈት

«ጽሕፈቱስ የታለ?» አልኩት።

ፍሬም ሠሪው ዳልጮ መስታወቱን በእጅጌው እየወለወለ የምን ጽሕፈት አለኝ። ሥዕሉ ላይ ጳጳሱ እንዳለ አለ፤ የተጠቀለለ ጸጉሩ፣ የዳንቴል አንገትጌው፣ ያ ኩሩ አፍንጫው። ከደረቱ በታች ግን የፍሬሙ እንጨት ገጥሞበታል።

ሳያፍር አስረዳኝ። የዩኒቨርሲቲው ምርቃት ስለደረሰ ፍሬሙን ሁሉ በምርቃት ፎቶ ልክ ቆርጦ ደርድሮታል። የኔ ሥዕል ረዘመበት። ታች ያለው የፈረንጅ ፊደልና የእርሳስ ሙንጭርጭር ነው ብሎ በምላጭ ቀነሰው። ቁራጩ ጠዋት ከመጋዝ ብናኙ ጋር ተጠርጎ ተቃጥሏል።

እጅህን ይቁረጠው አልኩት። ብል እንዳይበላው ብዬ ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ድረስ ታቅፌ ያወረድኩት ለዚህ ነው? እኔ ለጳጳሱ ምን ገዶኝ! በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ነው፣ ሦስት መቶ ዓመት ይሆነዋል ብሎ ለባለቤቴ ለአስናቀ የሰጠው አብሮት ያስተምር የነበረ ፈረንጅ ነው። ሰው የልጆቹን ልደት ዳዊቱ ላይ ይጽፋል። የአስናቀ ዳዊት ጎጃም ወንድሙ ጋ ቀረ። ስለዚህ አስናቀ፣ ይኼም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው፣ ይጠብቃቸዋል ብሎ ስማቸውንና የተወለዱበትን ቀን ከጳጳሱ ሥር በእርሳስ ጻፈ። ሦስት መስመር፣ ሦስት ልጅ። ሁለቱ ይመስገነው አሉ። ሊሻን በሦስት ወሯ ሞተች። ፎቶ የላት፣ ካርድ የላት፤ እዚህ ምድር ላይ እንደነበረች የሚናገርላት ያቺ መስመር ብቻ ነበረች።

ይኼን ሁሉ ፊቱ ላይ ጮህኩበት። አላፊ አግዳሚው ቆመ። አንዲት ሙዝ ሻጭ ተይው እማማ፣ ወረቀት ነው ብትለኝ እሷንም አልማርኳት።

ዳልጮ ፊቱ ጠቆረ። ፍሬሙን ገልብጦ የጀርባውን ካርቶን ነቀለና ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደ።

«አጥፍቻለሁ እማማ። ይንገሩኝ፣ የሦስቱንም እዚህ እጽፈዋለሁ።»

የሁለቱን ቀን ነገርኩት፤ እነሱ ራሳቸው በየዓመቱ ስለሚነግሩኝ አውቀዋለሁ። ጻፈ።

«የሦስተኛዋስ?»

የማስታውሰው ይኼን ብቻ ነው፤ ክረምት ነበር፣ የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ ነበር። ስወልዳት ወባ ጥሎኝ ራሴን አላውቅም፤ ቀኑን የያዘው አስናቀ ነው፣ እሱ ደግሞ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ጣቴን ይዞ የሊሻን ይቺ ናት ብሎ አሳየኝ፣ ባስታወስኳት ቁጥር መስመሯን እዳስስ ነበር። ምን እንደምትል ጠይቄው አላውቅም።

ዳልጮ እርሳሱን ካርቶኑ ላይ አስደግፎ ጠበቀኝ።

«ስሟን ብቻ ጻፍ» አልኩት።