ሠላሳ አራት ስም

«የማተሚያው ማሽን እንዳይነሣ!» አለ ያኦቪ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ እየገባ።

የጋዜጣው አዘጋጅ ኤሲናም ከጠረጴዛዋ ቀና አላለችም። «ሰው ቤት ሲገባ መጀመሪያ እንደምን አደራችሁ ይባላል።»

ያኦቪ በሐይቁ ወደብ ሰው ጀልባ ላይ የሚያሳፍር ሠራተኛ ነው። ማክሰኞ ከገበያ ስትመለስ በሰጠመችው በጌታው ጀልባ ላይ ሰዎቹን ያሳፈረውም እሱ ነው።

«ጌታዬ ልከውኝ ነው። መንግሥት የሞተው አሥራ ሁለት ሰው ነው ብሏል። ጋዜጣውም አሥራ ሁለት ይበል።»

«አሥራ ሁለት የተገኘው ሬሳ ነው። እኔ ዘንድ ሠላሳ አራት ስም አለ።»

ስሞቹን ያመጡት ደጅ የቆሙት ሴቶች ናቸው። ከንጋት ጀምሮ ተሰልፈው አንዷ እህቷን፣ አንዷ ባሏን አስመዝግበዋል። አብዛኞቹ ማንበብ አይችሉም። ሆኖም «የሐይቁ ድምፅ» ላይ ስሙ የወጣ ሰው አልነበረም እንደማይባል ያውቃሉ። ግድቡ ተሠርቶ ውሃው መንደሮቹን ሲውጥ፣ የኤሲናም አባት የእያንዳንዱን መንደር ስም በዚችው ጋዜጣ አትመው ነበር። ያንን ገጽ እስከ ዛሬ በሣጥን ያስቀመጡ ሽማግሌዎች አሉ።

«እትዬ፣» አለ ያኦቪ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ቤት የጌታዬ እንደሆነ አይርሱ። ዝርዝሩ ዛሬ ከወጣ ነገ ማሽንዎ አስፋልት ላይ ያድራል። ሰውዬውን ያውቋቸዋል፤ ቀልድ አያውቁም።»

«እንዴት አላውቃቸው! የመጀመሪያዋን ጀልባ ሲገዙ በፊት ገጽ ላይ ያወጣኋቸው እኔ አይደለሁ?»

ሽማግሌው አታሚ አግቤኮ ቀለም በነካው እጃቸው የማሽኑን እጀታ እንደያዙ፣ አንዴ እሷን አንዴ እሱን ያያሉ። «ልጄ፣» አሉ በመጨረሻ፣ «ጋዜጣውን የሚያደርሰው መኪና አራት ሰዓት ላይ ይነሣል። ወይ እናትም፣ ወይ እንተወው።»

ያኦቪ እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን ይስጡኝ።»

ያላት ያ አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ቢቀደው እነዚያ ሴቶች ሙታናቸውን እንደገና ሊጠሩላት ነው። ያም ሆኖ ሰጠችው።

«እንካ። ግን ሳትቀደው አንብበው።»

ቆሞ ያነብ ጀመር። ጣቱ ከስም ወደ ስም ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ እንደገና ቀጠለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

«ሌላ ገጽ የለም?»

«የለም።»

«አንዲት ሴት ነበረች፣» አለ። «ሕፃን ያዘለች። በየገበያው ቀን በጢስ የደረቀ ዓሣ ትሸጣለች። ጀልባዋ ሞልታለች፣ ነገ ነይ አልኳት። ለመነችኝ... እጇን ይዤ ያሳፈርኳት እኔ ነኝ። ከሩቅ አገር የመጣች ናት፤ እዚህ ሰው የላትም። ማንም አያስመዘግባትም።»

ኤሲናም ወረቀቱን ተቀብላ እስክሪብቶዋን አነሣች። «ስሟ?»

«ዴላሊ። የልጁን አልጠየቅኳትም።»

ሠላሳ አምስት፣ ዴላሊ። ሠላሳ ስድስት፣ ልጇ። ጽፋ ቀና አለች።

«ያኦቪ፣ ማን ነገረሽ ይሉኛል። ሰውዬህም ይጠይቁኛል፣ ፖሊስም ይጠይቀኛል።»

ወጣቱ ወደ ወረቀቱ አመለከተ።

«የኔን ስም ይጻፉ፣» አለ። «ያሳፈራት ነው የነገረኝ ይበሉ። ስንት ሰው እንደነበረም እሱ ያውቃል ይበሉ።»

እሷም ጻፈች። አግቤኮ የብረት ፊደሉን ለቅመው ደርድረው ሲጨርሱ እጀታውን ሳቡት፤ ወለሉ ተንቀጠቀጠ።

«በጓሮ በኩል ውጣ፣» አለችው ኤሲናም በማሽኑ ጩኸት መሐል። «ሴቶቹ በፊት ለፊት ናቸው።»

ያኦቪ የጓሮውን በር አየው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ የፊተኛውን ከፈተ። ደጅ የነበረው ወሬ ሁሉ ጸጥ አለ።