በሁለት ጠረጴዛ መካከል

«ካንተ ሌላ ማን ያጠፋዋል? ጅብ ገብቶ በላው?»

«እታለም፣ ቀስ በይ። አባዬ ደረጃው ላይ ነው።»

«ይስማ! ልጁን ይወቀው!»

ወንድምየው ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ አላነሳም። የእናታቸው ቪዲዮ የነበረበት ፎልደር ተከፍቷል፤ ውስጡ ባዶ ነው።

እናታቸው ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ሠርግ ስትቀርፅ ኖራ የሞተች ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ከካሜራው ኋላ ስለምትቆም የራሷ ምስል የለም ማለት ይቻላል። አንድ ቀን ብቻ አዲስ ማይክ ልትሞክር ካሜራውን ወደ ራሷ አዞረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ይሰማል?» ብላ ጀመረች። ወዲያው ባሏ ሹራቡን ገልብጦ ለብሶ ሲገባ አይታ እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። ድምፅዋ የቀረው እዚያ ላይ ነው።

ልጆቿ ቪዲዮውን በየኮምፒውተራቸው ያስቀምጡት ነበር። ቦታ ሲጠብ እህትየዋ ከራሷ ትሰርዛለች፤ ሲሰፋ ከወንድሟ መልሳ ትገለብጣለች። እሱ ምንም ስለማይጥል ቤተሰቡ «ጎተራው» ይለዋል።

ባለፈው ወር ግን አንድ ፈጣን ማከማቻ ገዙ። ጥቁር ሳጥን ነው። በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ተቀምጦ በኬብል ከሁለቱም ኮምፒውተሮች ጋር ተያያዘ፤ የነበራቸው ሁሉ ወደ እሱ ተዛወረ። ዲስክ ተሸክሞ መመላለስ ቀረ። እሷ የቆረጠችውን የሠርግ ቪዲዮ ወንድሟ እዚያው ሆኖ ቀለሙን ያስተካክላል። ሳጥኑ የተገጠመ ዕለት እሷ ቀረጻ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሥራው ይበር ጀመር፤ እሷም ደስ አላት።

«ቦታ ጠበበኝ፣ ቦታ ጠበበኝ ስትል የከረምከው አንተ ነህ» አለች። «ለሳሙና ማስታወቂያህ ቦታ አጣህና እማዬን አወጣሃት!»

«እታለም…»

«እኔማ የራሴን የሰረዝኩት አንተን አምኜ ነው። ጎተራው አለ ብዬ! እማዬ ስትቀበር እንኳ እንባ ጠብ ያላለውን ሰው ማመኔ፣ እኔ ነኝ ሞኟ።»

ቀና ብሎ አያት።

አባታቸው ገባ። ፀጉሩን አበጥሯል፤ ጫማውን አስጠርጓል። ቀጠሮ ያለው ሰው ይመስላል።

«ትናንት ድምፅዋን ላስታውስ ብዬ አቃተኝ» አለ። «እስቲ ሳቋን አሰሙኝ።»

ማንም ሳይጋብዘው በእህትየዋ ወንበር ላይ ተቀመጠና ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

«የለም አባዬ። ጠፍቷል» አለች። «ማን እንዳጠፋው ራሱ ይንገርህ።»

ወንድምየው ተነሳ። «እኔ ነኝ አባዬ። በስህተት ሰረዝኩት። ሌላ ሥራ ተጭኖበታል፤ አይመለስም።»

አባትየው ወደ ባዶው ስክሪን ዞረ።

«ሁለት ጊዜ ቀበርናት በለኛ» አለ። «ጎተራ ስንልህ፣ ለካ ቀዳዳ ነህ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ፤ እውነት ነው የሚል ይመስል ነበር።

«አንቺስ ጋ የለም?» ሲል አባትየው ወደ ሴት ልጁ ዞረ።

«የኔን ሰኞ ሰርዤዋለሁ። የሱ አለ ብዬ።»

«የቱን የአንቺን?» አለ አባትየው ግራ ተጋብቶ። «ባለሙያው ይህን ሳጥን ሲገጥም እዚሁ ቆሜ ነበር እኮ። ‹ድርብ ድርቡን ፋይል አንድ አድርጌዋለሁ፤ ከእንግዲህ ያንተ የእሷ የሚባል የለም። ከዚህ ጠረጴዛ የተሰረዘ ከዚያም ጠፋ ማለት ነው› ብሎ ወንድምሽን አስጠንቅቆት ነበር።» ከዚያ ወንድ ልጁን አየው። «እነግራታለሁ አላልክም?»



እህትየዋ ወንድሟን አየችው፤ በአባቷ ጆሮ ላይ ያለውን ማዳመጫ አየች፤ በሩን ከፍታ ወጣች።