ያለቀሰው ጉድጓድ

ታይተስ የሥጋ ጉድጓዱን ክዳን ያነሣው የጸደይ ብርሃን ወደ ሰሜኑ የበረዶ አገር በተመለሰ ሰሞን ነበር። መሰላሉን ይዞ ሲወርድ እግሩ በረዶ ይረግጣል ሲል ውሃ ውስጥ ገባ።

አሸተተ። ከዚያም አፍንጫውን በእጅጌው ያዘ።

ጉድጓዱን የቆፈሩት አያቱ ነበሩ፤ ከላይ እስከ ታች በረዶ በሆነው ምድር ውስጥ። በአያቱ ዘመን የዓሣ ነባሪ ሥጋ እንደ ድንጋይ ደርቆ ከዓመት ዓመት ይቀመጥበት ነበር። በአባቱም ዘመን እንዲሁ። በእሱ እጅ ግን ጉድጓዱ አለቀሰ። ግድግዳው ትኩሳት እንደያዘው ሰው ያልበዋል፤ ሥጋው ቀይ ውሃ ላይ ተንሳፍፏል።

ምክንያቱን ከማንም በላይ እሱ ያውቃል። ባለፈው መኸር ከአጎቱ ልጅ ከፐርሲ ጋር በሥጋ ድርሻ ተጣልተው በንዴት ጥሎ ሲሄድ፣ ጉድጓዱ ሳይከደን አደረ። ያን ቀን አመዳይ መጣል ሲገባው ዝናብ ዘነበ። ሲነጋ መጥቶ ከደነውና ለማንም ትንፍሽ አላለም። ኃጢአትና ጭራ ከኋላ ነው።

ዓሣ ነባሪ ደግሞ በጉልበት አትያዝም። ራሷን የምትሰጠው፣ ጉድጓዱን አጽድቶ፣ የተረፈውን ሥጋ ለመንደሩ አካፍሎ፣ ነጭ አመዳይ አንጥፎ ለሚጠብቃት የጀልባ አለቃ ነው። ሥጋዋ የሚያርፍበትን ማደሪያዋን አስቀድማ ታያለች።

ታይተስ የጀልባ አለቃ ነው።

የውሃ መሳቢያ ፓምፕ ሊዋስ ወደ መንደሩ ዕቃ ቤት ሄደ። ዕቃ ቤቱን የምትጠብቀው ዊልማ ቀና እንኳ አላለችም።

«ወጥቷል» አለችው።

«መቼ ይመለሳል?»

«ከፊትህ ሰው አለ። ተራህን ጠብቅ።»

«በዚህ ወር ደግሞ ሰው በፓምፕ ምን ይሠራል?»

«አንተስ ምን ልትሠራበት ነው?»

ታይተስ መሬት መሬት አየ።

«እንግዲያው የሌላውንም አትጠይቀኝ» አለችው።

በባልዲ ቀዳ። ሚስቱን ሮዳን «መሰላሉን ልጠግን ነው» ብሎ ዋሻት። የተበላሸውን ሥጋ በሸራ ጠቅልሎ፣ በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር እየጎተተ ወደ ቆሻሻ መጣያው ወሰደው። ደግነቱ መንገዱ በመጎተቻ ዱካ የተሞላ ስለነበር የእሱ ዱካ ተለይቶ አይታወቅም። መጣያው ላይ ቁራ እንደ ጥቁር ሸማ ተነጥፏል። ራሷን የሰጠችን ፍጥረት ለቁራ መስጠት! «አባት ሆይ፣ ይቅር በለኝ» እያለ ሸራውን ፈታ።

ጉድጓዱ ውስጥ ነጭ አመዳይ አነጠፈ። በማግሥቱ ቢወርድ ውሃ ሆኖ ጠበቀው። እግዚአብሔር በኃጢአቱ እንደያዘው ያን ጊዜ ቁርጡን አወቀ።

ጀልባዎቹ ለአደን ባሕሩ ላይ ወደ ረጋው በረዶ ጠርዝ ወጡ። ጠርዙ እንደ ድሮው ሩቅ አልነበረም፤ ጀልባተኞቹ ከድንኳናቸው ሆነው የመንደሩን ቤተ ክርስቲያን ጣራ ያዩታል። በረዶው ሳስቷል፤ ውሃው ከሥሩ ሲላወስ ይሰማል። ዓሣ ነባሪዎቹ በሩቁ እየተነፈሱ አለፉ። አንዲትም አልቀረበች።

ፐርሲ ሻዩን ፉት እያለ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«አፍንጫ እኮ አላት ጎበዝ! የሆነ ሰው ጉድጓድ ሸትቷታል።»

«ካልሲህ እንዳይሆን የሸተታት!» አለው አንዱ። ጀልባተኛው ሁሉ ሳቀ።

ፐርሲ ግን አልሳቀም። ታይተስን አየው። ታይተስ ዓይኑን ወደ ባሕሩ አሸሸ። «ያውቃል» አለ በልቡ።

በረዶው ያለ ጊዜው ተሰነጠቀና ድንኳናቸውን ነቅለው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። መጪውን ክረምት የመንደሩ ልጆች ምን ሊበሉ ነው? ታይተስን እህል አልወርድ አለው። ሮዳ ሳህኑን አንሥታ፣ «ሆድህ ውስጥ ያለውን ነገር እኔ አላበሰልኩትም፤ ለሚሰማህ ንገረው» አለችው።

በጸሎት ስብሰባ እማማ ዶርካስ ተናገሩ። በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም፤ በመንደሩ ንጹሕ ነገር ሲወደስ «እንደ ዶርካስ ጉድጓድ» ይባላል።

«ማደሪያዋን ያቆሸሸ ሰው ከመካከላችን አለ» አሉ። «ያ ሰው ይናዘዝና እንታረቃት።»

ይህን ሲሉ ዓይናቸው ከገዛ እጃቸው ላይ አልተነሣም። ታይተስ፣ «አዝነውልኝ ነው ያላዩኝ» አለ በልቡ።

እሑድ በቤተ ክርስቲያን መዝሙሩ እንዳበቃ ታይተስ ተነሣ። 

«እኔ ነኝ» አለ። «የአያቴ ጉድጓድ ውሃ ሞላ። በእልሄ ሳልከድነው አድሬ ነው። ሥጋውን ጥዬ ደበቅኋችሁ። ልጆቻችሁ ቢራቡ በእኔ ነው። ጀልባዬን ለሚገባው ሰው ስጡልኝ።»

 ዊልማ ፊቷን በመሐረቧ ሸፈነች።

«ውሃውን በምን ቀዳኸው?» የሚል ድምፅ መጣ። ፐርሲ ነው፤ ፌዙ የለም።

«በባልዲ። ፓምፑን አጣሁት።»

ፐርሲ ቆቡን በሁለት እጁ ጨመቀ።

«ፓምፑ እኔ ጋ ነው» አለ። «የእኔም ጉድጓድ አልቅሷል።»

እማማ ዶርካስ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡ።

«ከፐርሲ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው» አሉ።