እርስዎ ይቅደሙ

የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪነት ፈተናዋ ድብልቅልቁ ወጣ። የፈተናው ስክሪን ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ለማረፍ ፈቃድ ሲጠይቋት፣ በድምፁ ሽማግሌ የመሰላትን ፓይለት «አባባ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለችው። ቀድሞ የደረሰው ግን ሌላኛው ነበር።

«እዚህ ታላቅ ታናሽ የለም፤ ማዘዝ ነው» አሏት የፈታኞቹ ሊቀመንበር።

አንገቷን ደፋች። ሦስቱ ፈታኞች «ውጤቱ ከምሳ በኋላ» ብለው ተነሡና በሩ ላይ ተገተሩ።

«ይቅደሙ።»

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ።»

«በሞቴ፣ አይሆንም።»

ረሃብ ሞረሞራት። «ባለ መነጽሩ ይውጡ» አለች ኮስተር ብላ። «ባለ ከረባቱ ይከተሉ። ሊቀመንበሩ ባሉበት ይጠብቁ።»

ሁለቱ በተራቸው ወጡ። ሊቀመንበሩ ግን ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ።

«አልፈሻል» አሏት። «ስትወጪ ሁለቱን መልሺልኝ፤ የሚቀጥለውንም ተፈታኝ ጥሪልኝ። ስለ በሩ ግን ትንፍሽ እንዳትዪ።»