ጥርት ያለው ድምፅ

ሙዚቃ ጫኙ፣ ይቆራረጣል ብላ ያመጣችውን ሚሞሪ ካርድ ለአሮጊቷ መለሰላትና በኩራት ፈገግ አለ።

«እማማ፣ አሮጌ ኤምፒስሪ ዛሬ ማን ይሰማል? የቆርቆሮ ድምፅ ነበር። አጥፍቼ እነዚያኑ ዘፈኖች ጥርት ባለው ጫንኩልዎት።»

«ጆሮው የኔ፣ ምርጫው ያንተ?» አለችና ካርዱን ማጫወቻዋ ውስጥ ከትታ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች። ዘፋኙ አጠገቧ የቆመ ያህል ድምፁ ጠራ። ቀጣዩን ተጫነች፤ ደግሞ ቀጣዩን። አውራ ጣቷ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ይጠራል አይደል?»

«ይጠራል። በዚያ በቆርቆሮው ድምፅ እነዚህኑ ዘፈኖች የዘፈነው ግን ልጄ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።»

የሰውየው ፈገግታ ከፊቱ ረገፈ።

«ያጠፋኸው የት ይሄዳል?» አለችው።

«የትም አይሄድም እማማ። ጠፋ፣ በቃ።»

«ልጄ እንኳ መቃብር አለው» አለች፣ ማዳመጫውን ከጆሮዋ ሳታወጣ።